ስዊድን «ክቫርን» የሚሉት ወፍጮ፤ ቃሉ ከየት መጣ?

የበረዶ_አገር_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎተንበርግ ነው። እዚህ የቡና መፍጫው «ካፌክቫርን» ይባላል። የቁንዶ በርበሬው «ፔፓርክቫርን» ነው። በነፋስ የሚዞረው ትልቁ ደግሞ «ቬደርክቫርን»። ክቫርን ወፍጮ መሆኑ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ጀርመን ያለችው እህቴ «ሚዩለ» ትላለች፣ እንግሊዝ ያሉት ዘመዶቻችን «ሚል» ይላሉ፣ ፈረንሳዩም «ሙላን» ነው የሚለው፤ ሦስቱ ቁርጥ አንድ ናቸው። ስዊድን ብቻ ምን ሆና ነው የተለየችው? ከጀርመንና ከእንግሊዝ ጋር ዘመድ ቋንቋ አይደለችም እንዴ? የምታውቁ ሰዎች ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ፣ ለማንበብ ጊዜ አለኝ።

ቃል_ፈላጊ
እህቴ፣ ስዊድን ባለችበት ነው ያለችው። መንገድ የቀየሩት ጀርመንና እንግሊዝ ናቸው።

ድሮ ድሮ ጀርማኒክ የሚባሉት ቋንቋዎች (ስዊድንኛ፣ ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና ዘመዶቻቸው) በሙሉ ይሄ ቃል ነበራቸው። ኖርዌይ «ክቨርን»፣ ዴንማርክ «ክቬርን»፣ አይስላንድ «ክቮርን» ይላሉ፣ ሆላንድም «ክዌርን» የሚል አላት። የጥንቱ ጀርመንኛ «ክዊርን» ይል ነበር፣ የጥንቱ እንግሊዝኛ ደግሞ «ክዌኦርን»። እንግሊዝኛ ዛሬም «ክወርን» የሚል ቃል አለው፣ ግን የእጅ ወፍጮን ብቻ ነው የሚጠራበት፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም።

ታዲያ ምን መጣ? የሮማውያን የውሃ ወፍጮ መጣ። ውሃው መዘውሩን ያዞራል፣ መዘውሩ ድንጋዩን ያዞራል፣ ሰው እህል ከመጨመር በቀር ሥራ የለውም። ማሽኑ ስሙን ይዞ ነው የገባው፤ በኋለኛው ላቲን «ሞሊና» ይባል ነበር። ከሱ ነው የጀርመኑ «ሚዩለ»ም፣ የእንግሊዙ «ሚል»ም የመጣው። የድሮው ቃል ቤት ውስጥ ለቀረው ድንጋይ ብቻ ሆነ፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ስዊድንን ግን የሮም ጦር አልረገጣትም። የውሃ ወፍጮው ዘግይቶ ሲደርስ ሰዉ የለመደውን ስም ሰጠው። እኛም የናፍጣ ሞተሩ ሲመጣ «ወፍጮ ቤት» ብለን የድንጋዩን ስም ለሞተሩ እንደሰጠነው ማለት ነው።

ሙግት_ወዳድ
ቆይ ቆይ። «ክቨርን» ራሱ ከላቲን አለመምጣቱን በምን አወቅህ? ሰሜኖቹ ብዙ ነገር ከሮማውያን ነው የተማሩት። ወይኑም፣ የግንቡም ሥራ፣ የገንዘቡም ስም። ወፍጮው ብቻ ለምን የራሳቸው ይሆናል?

ቃል_ፈላጊ
ላቲን ይሄ ቃል ስለሌለው ነዋ። ላቲንም ግሪክም ወፍጮን የሚጠሩት «መፍጨት» ከሚለው ግስ ነው፤ ላቲኑ «ሞላ»፣ ግሪኩ «ሚዩሌ»። የሌለህን ነገር አታበድርም።

ዘመዶቹ የት እንዳሉ ደግሞ ተመልከት፤ ከጀርማኒክ ጋር ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረዱት ቋንቋዎች ውስጥ ነው። በጥንቱ አይሪሽ «ብሮ» ወፍጮ ነው። በዌልስ «ብሬያን»። በሊቱዌንያ «ጊርና»፣ በላትቪያ «ድዚርናቫስ»፣ በፖላንድ «ዣርና»፣ በሩሲያ «ዦርኖቭ»፣ በአርመን «ኤርካን»። ሁሉም ወፍጮ ወይም የወፍጮ ድንጋይ ናቸው። ሕንድ ድረስ ብትሄድ ሳንስክሪት ላይ «ግራቫን» ታገኛለህ፤ እሱ ለመሥዋዕት የሚቀርበውን ሶማ የሚባል መጠጥ ለመጭመቅ ተክሉን የሚወቅጡበት ድንጋይ ነው። ሪግቬዳ በሚባለው የሕንድ ጥንታዊ የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ለነዚህ ድንጋዮች ብቻ የተዘመሩ መዝሙሮች አሉ።

«ብሮ» እና «ክቨርን» ምን ያገናኛቸዋል እንዳትለኝ። በጥንታዊው የጋራ ቋንቋ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ የሚወጣ «ጐ» ነበር፣ እንደኛው ጐ ማለት ነው። ያ ድምፅ በጀርማኒክ «ክው» ሆነ፣ በአይሪሽ «ብ»፣ በስላቭ «ዥ»፣ በአርመን «ክ»። ይሄ ደግሞ ለወፍጮ ተብሎ የተፈጠረ ሕግ አይደለም። ሴት የሚለውን ውሰድ። እንግሊዝኛ «ክዊን» (ዛሬ ንግሥት ሆኗል እንጂ ድሮ ሴት ማለት ነበር)፣ አይሪሽ «በን»፣ ሩሲያ «ዠና»፣ አርመን «ኪን»። ያው ነው። አንድ ቃል ላይ ብቻ ቢሆን ገጠመኝ ነው ትላለህ፣ በረድፍ ሲመጣ ግን ሕግ ነው።

ዲያቆን_ነበርኩ
ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ግእዝ «ሠለስቱ» ሲል ዕብራይስጥ «ሻሎሽ» ይላል፤ ዐረቡ ደግሞ ምላሱን በጥርሱ መሃል አውጥቶ «ሰላሳ» ይላል። በሬውም እንዲሁ ነው፤ ግእዝ «ሶር»፣ ዕብራይስጥ «ሾር»፣ ዐረቡ ያችኑ ምላስ አውጥቶ «ሰውር»። የአውሮፓን ቋንቋዎች ያጠኑት ሰዎች ያገኙትም ሕግ የዚህ ዓይነት ነው።

እኔ የምጨምረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከጀርማኒክ ቋንቋዎች በረጅሙ የተጻፈ ቀዳሚ ጽሑፍ ያለው ጎቲክ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኤጲስ ቆጶስ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቲክ ተረጎመ፣ ፊደሉንም ራሱ ቀረጸ። ማርቆስ ምዕራፍ 9 ቁጥር 42 ላይ፣ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢጣል ይሻለዋል የሚለው ቦታ፣ ዉልፊላ «አሲሉክዌርኑስ» ብሎ ጻፈ። «አሲሉስ» አህያ ነው። «ክዌርኑስ» የኛው የዚህ ክር ቃል። የአህያ ወፍጮ ማለት ነው። ግሪኩም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በአህያ የሚዞር ትልቅ ወፍጮ።

ልብ በሉ፣ አህያ የሚለውን ከላቲን ነው የወሰዱት፣ ወፍጮውን ግን ከቤታቸው አወጡት። ሁለቱ ቃላት እዚያው አንድ ላይ ተጣብቀው ታያቸዋላችሁ። የእጅ ጽሑፉ ዛሬ ስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ያለው፤ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነው። የበረዶ አገሯ ልጅ፣ ላንቺ ሩቅ አይደለም፣ ሄደሽ እዪው።

መጅና_ወፍጮ
ልጆቼ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፣ ወፍጮ ግን በእጄ አውቃለሁ። ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። የእናቴ ወፍጮ በጭቃ መደብ ላይ የተተከለ፣ ወደ ፊት ዘመም ያለ ሰፊ ድንጋይ ነበር። መጁን በሁለት እጅ ጨብጠሽ፣ ወገብሽን ሰብረሽ፣ በሰውነትሽ ክብደት ወደ ፊት ትገፊዋለሽ፣ መልሰሽ ትስቢዋለሽ። እህሉ መጀመሪያ ይሸረከታል። ከዚያ ደግመሽ ታልሚዋለሽ። ድንጋዩ እየለሰለሰ ሲመጣ እህሉ ሥሩ ይንሸራተታል እንጂ አይፈጭም፣ ስለዚህ መወቀር አለበት። እናቴ ስትወቅር ድንጋዩን በዳሰሳ ነበር የምትለየው፣ ይቺ ጋ ቀርቷል ብላ ትመለስበታለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚያ የጥንት ሰዎች ክቨርን ያሉት የሚዞረውን ነው ወይስ እንደኛ የሚገፋውን?

ቃል_ፈላጊ
እናቴ፣ የጉዳዩን እምብርት ነው የነኩት። የሚገፋውን ነው።

ሁለት ክብ ድንጋይ ተደራርቦ፣ የላይኛው በእጀታ የሚዞርበት ወፍጮ አውሮፓ ውስጥ መታየት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ስፔን አካባቢ ነው። ብሪታንያ ትንሽ ቆይቶ ደረሰ። ቃሉ ግን ከአየርላንድ እስከ ሕንድ ተበታትኗል። እነዚህ ሕዝቦች ከተለያዩ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያኔ የሚዞር ወፍጮ የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ስለዚህ ቃሉ ከተሽከርካሪው ወፍጮ በዕድሜ ይበልጣል። ሲወለድ የሰማው ድምፅ እናትዎ ቤት የነበረውን ነው፣ መጅ በወፍጮ ላይ።

አርኪዎሎጂስቶች ያንን ዓይነት የኮርቻ ወፍጮ ይሉታል፤ የታችኛው ድንጋይ በመፋተግ ብዛት መሃሉ ጎድጉዶ ኮርቻ ስለሚመስል ነው። ሶርያ ውስጥ አቡ ሁሬይራ በሚባል ጥንታዊ መንደር የተገኙ የሴቶች አጽሞች ላይ የእግር አውራ ጣት፣ የጉልበትና የታችኛው የጀርባ አጥንት ጉዳት አይተዋል። ተንበርክኮ መፍጨት ያመጣው ነው። አጥንቱ ላይ ተጽፏል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የኛ «ወፍጮ» ከ«ፈጨ» የወጣ ነው፣ ሥራውን ይናገራል። ክቨርን ከግስ አልወጣም። ስዊድኖች ሲፈጩ «ማላ» ነው የሚሉት፤ ግሱ ሌላ ስሙ ሌላ። ስሙ ዕቃውን ነው የሚጠራው።

መጅና_ወፍጮ
የአጥንቱ ነገር እውነት ነው። እናቴ እስክትሞት ወገቧን አላቃናችውም። ወፍጮ ቤት መንደራችን ሲመጣ መጀመሪያ ጤፏን ተሸክማ የሄደችው እሷ ነበረች፤ ግማሽ ቀን መንገድ እኮ ነው!

ለንደን_ዙሪያ
የማን ወገብ ነበር የሚሰበረው የሚለው እዚህ እንግሊዝ በሕግ ተጽፎ ይገኛል። በ600 እ.ኤ.አ. አካባቢ የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ያወጣው ሕግ አለ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ሕጎች የመጀመሪያው ነው። ከንጉሡ ሴቶች ጋር የተኛ ሰው የሚከፍለው ካሣ ተዘርዝሯል። ለላይኛዋ 50 ሽልንግ። «ፈጪዋ ባሪያ» ከሆነች 25። ለሦስተኛዋ 12። ካሣው ለሷ አይደለም፣ ለንጉሡ ነው። መፍጨት ራሱን የቻለ የባርነት ደረጃ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

ግን ደግሞ ያው ድንጋይ በሌላ ዘመን የነፃነት ምልክት ሆኗል። ይሄን ልንገራችሁ።

ሴንት ኦልባንስ ከለንደን በስተሰሜን በባቡር ቅርብ ናት። ከተማዋ የገዳሙ ርስት ነበረች። ሰዉ እህሉን በገዳሙ ወፍጮ እንጂ በሌላ እንዳያስፈጭ ይገደድ ነበር፤ ከሚያስፈጨው ላይ ደግሞ ለገዳሙ ይሰፈራል። ሰው ግን ቤቱ ክወርን ነበረው፣ ዝም ብሎ ይፈጭ ነበር። አበ ምኔቱ ሪቻርድ ኦቭ ዎሊንግፎርድ፣ ከ1327 እስከ 1336 እ.ኤ.አ. ገዳሙን የመራው፣ የእጅ ወፍጮዎቹን ከየቤቱ አስለቀመና የገዳሙን መነጋገሪያ ክፍል ወለል አስነጠፈባቸው። አስቡት፣ እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ የፈጨችበትን ድንጋይ መነኩሴ በጫማው እየረገጠው ያልፋል።

ሰዉ አልረሳም። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ሲያምፁ የከተማው ሰው ገዳሙ ውስጥ ገብቶ ወለሉን ፈነቀለ። ድንጋዮቹን ሰባብረው ቁርጥራጩን ለየሰዉ አደሉት። የዚያው ገዳም መነኩሴ የነበረው ቶማስ ዎልሲንግሃም ነው የጻፈው፤ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ አድርገው ተካፈሉት ይላል። እኛ መክፈልት የምንለው ማለት ነው። የአመፁ መሪ ዊልያም ግሪንድኮብ በዚያው ዓመት ተሰቀለ።

ስለ ቃሉም ትንሽ። በዚያው ሰሞን፣ በ1380ዎቹ፣ ከእንግሊዛዊው የሃይማኖት ምሁር ከዊክሊፍ ወገን የወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 24፥41 ላይ ሁለቱን ሴቶች «በአንድ ክወርን» ያስፈጫቸዋል። በ1611 በወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን «ሚል» ሆኗል። ሴቶቹ ያው ናቸው፣ የቀደመው ቃል ነው የወጣው።

የበረዶ_አገር_ልጅ
የመክፈልቱ ነገር አስለቀሰኝ። እንግሊዝ ውስጥ ቃሉ የቦታ ስም ላይ አልቀረም?

ለንደን_ዙሪያ
ቀርቷል። ሌስተርሻየር ውስጥ ክዎርን የሚባል መንደር አለ፣ ሙሉ ስሙ ክዎርንደን ነበር፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚወጣበት ኮረብታ ማለት ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ክዎርን የሚባለው ሥጋ መሰል ምግብ ስሙን ያገኘው ከዚያ መንደር ነው። (ለጾም የምትገዙት ካላችሁ ቪጋን የሚል የተጻፈበትን ምረጡ፤ ብዙው የእንቁላል ነጭ አለበት።)

የኦስሎዋ_ነርስ
እኔ ደግሞ ስለ ድንጋዩ ላውራ፣ ምክንያቱም ማንኛውም ድንጋይ ወፍጮ አይሆንም። እማማ ከላይ ስለ መወቀር የነገሩን ዋናው ነገር እሱ ነው።

ምዕራብ ኖርዌይ ውስጥ ሂለስታድ የሚባል ቦታ አለ። ቫይኪንጎች በነበሩበት ዘመን የወፍጮ ድንጋይ ከዓለቱ ላይ እየፈለፈሉ በመርከብ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። ዓለቱ ለስላሳ ነው፣ ግን ውስጡ ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ቀይ ፈርጥ ተበትኖበታል። ለስላሳው እየተበላ ሲሄድ ፈርጡ ወጣ ብሎ ይቀራል፣ እህሉን የሚቆርጠው እሱ ነው። ድንጋዩ ራሱን በራሱ ይወቅራል በሉት። ዛሬም ግማሽ ተፈልፍለው የተተዉ ክብ ድንጋዮች ዓለቱ ላይ እንዳሉ አሉ።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ማየን የሚባል ቦታ አለ፣ ራይን ወንዝ አጠገብ። እዚያ ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በትናንሽ ቀዳዳ የተሞላ። ሲያልቅ አዲስ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ስለዚህ ቶሎ አይለሰልስም። የሮም ወታደሮች ብሪታንያ ድረስ ይዘውት ሄደዋል።

ቃሉ እዚህ ኖርዌይ ዕለት ተዕለት ይነገራል። ሥጋ መፍጫው «ሾትክቨርን» ነው። ልጆች የሚሰሙትም ተረት አለ፤ ባሕር ለምን ጨዋማ ሆነ ሲባል፣ ባሕሩ ወለል ላይ ጨው የሚፈጭ ክቨርን ስላለ ነው።

ተረቱ ከድሮ አይስላንድኛ ግጥም ጋር ይዛመዳል። ንጉሥ ፍሮዲ ፌንያና መንያ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ ሴት ባሪያዎች ገዛ። ግሮቲ የሚባል ወፍጮ ነበረው፣ ድንጋዩ ከክብደቱ የተነሣ ሰው የማይገፋው፣ የፈጪው አፍ ያዘዘውን የሚፈጭ። ወርቅና ሰላም ፍጩልኝ አላቸው። ዕረፍታቸው ኩኩ የምትባለው ወፍ ዝም እስካለች ወይም አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሴቶቹ እየዘፈኑ ጦር ፈጩበት። ሚሲንግ የሚባል የባሕር ንጉሥ በሌሊት መጥቶ ፍሮዲን ገደለ፣ ወፍጮውንና ሴቶቹን ጭኖ ሄደ፣ ጨው ፍጩ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ጨው አልሰለቸህም ወይ ብለው ጠየቁት፣ ፍጩ አላቸው። መርከቡ ሰመጠ። ውሃው በወፍጮው ዓይን ቁልቁል ይዞራል ይላል፤ እህል የሚገባበትን የመሃል ቀዳዳ «ክቨርንአውጋ»፣ የወፍጮ ዓይን ነው የሚሉት። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአይስላንዱ ስኖሪ ስቱርሉሶን ጽፎታል።

ለኔ የኬንቱ ሕግና ይሄ ግጥም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ሕጉ ሴቲቱን በሽልንግ ሲተምናት፣ ግጥሙ ድምፅ ሰጣት።

ሙግት_ወዳድ
የላቲኑን ነገር ልለፈው፣ የቀረበው በቂ ነው። ግን መጨረሻ ላይ ያልተነካ አለ። ክቨርን ከግስ ካልወጣ ትርጉሙ ምንድን ነው? አንብቤ ያገኘሁት «ከባድ» ከሚለው ሥር ነው የሚል ነው። የላቲኑ «ግራዊስ»፣ የግሪኩ «ባሪውስ»፣ የሳንስክሪቱ «ጉሩ»፣ ሁሉም ከባድ ማለት ናቸው፣ መምህሩን ጉሩ የሚሉትም ክብደት ያለው ሰው ነው ብለው ነው። ስለዚህ ክቨርን «ከባዱ» ነው። ግሩም አይደል? እኔ ይሄን ነው የምይዘው።

ቃል_ፈላጊ
ሐሳቡ አለ፣ ትልልቅ የቃላት ምንጭ መዝገቦችም ይጠቅሱታል፣ ሁሉም ግን አይስማማበትም። እኔም ሙሉ በሙሉ አልገዛውም። የኮርቻ ወፍጮ መጅ እኮ አንዲት ሴት በሁለት እጇ የምትገፋው ነው። ከዚያ የሚከብድ ስንት ድንጋይ አለ። «ከባዱ» ብሎ መሰየም ለትልቁ የአህያ ወፍጮ ቢሆን ይገባኛል፣ ያኔ ግን አልነበረም።

እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። ምዕራብ ቻይና በረሃ ውስጥ የተገኘ ቶካሪያን የሚባል የጠፋ ቋንቋ አለ፣ የነዚሁ ቤተሰብ። እዚያ «ከርወኘ» የሚል ቃል አለ፣ ትርጉሙ በቀላሉ ድንጋይ ነው። ሕንድ ላይ መውቀጫ ድንጋይ። ወፍጮ የሚሆነው አርመንን ጨምሮ ወደ አውሮፓ ስትመጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተመረጠ፣ ለሥራ የሚሆን ድንጋይ ነበር፣ በኋላ እህል በስፋት የሚያርሱት ሕዝቦች ዘንድ ወፍጮ ብቻ ሆነ ብዬ ነው የማየው።

ሙግት_ወዳድ
ድንጋዩስ ለምን ከባድ አይባልም? ድንጋይ ከባድ ነው። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን፣ መጀመሪያ ከባዱ፣ ከዚያ ድንጋዩ፣ ከዚያ ወፍጮው።

ቃል_ፈላጊ
ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉ ይሄዳል። የሚያጣላን የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው።

መጅና_ወፍጮ
መጅ እንደሚከብድ ፈጭታ የማታውቅ ሰው አትፍረድ። ለመጀመሪያው ጭብጥ እህል ቀላል ነው። ለቤተሰቡ እንጀራ የሚሆነው እስኪሞላ ድረስ ስትገፊው ነው ክብደቱ የሚታወቀው። እኔ ከሙግት ወዳዱ ጋር ነኝ።